መልስ፦ አበባ አፈር ውስጥ ስለተገኘችው ትል መሳይ እባብ

ከአበባ መትከያ አፈር ውስጥ ወጣች ብለው የጠየቁኝ፣ ጥቁር ክር የምትመስልና ምላሷን ብልጭ የምታደርግ ፍጥረት ትል አይደለችም። ትል ምላስ የለውም። እንደ ገለጻዎ ከሆነ ዓይነ ስውር ከሚባሉት እባቦች አንዷ፣ ምናልባትም ብራህሚኒ የምትባለው ናት። ርዝመቷ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓይኖቿም ከቅርፊት ሥር የተደበቁ ሁለት ነጠብጣቦች ናቸው።

«መርዝ አላት ወይ?» ላሉት፣ የላትም። አፏም ሰው ለመንከስ አይበቃም። ሲይዟት የጅራቷን ሹል ጫፍ ጣትዎ ላይ ትጫን ይሆናል፣ ግን አትጎዳም።

የምትበላው በአብዛኛው የጉንዳንና የምስጥ እንቁላልና እጭ ነው። ምስጥ ስትይዝ አንዳንዴ ጭንቅላቱን መሬት ላይ አሻሽታ ቆርጣ ትጥለዋለች፤ ጠንካራው ጭንቅላት ሆዷ ውስጥ አይፈጭላትማ!

እኔን ግን ከሁሉም የሚገርመኝ መራባቷ ነው። እስካሁን የታወቁት የዚህች ዝርያ እባቦች ሁሉ ሴቶች ናቸው። ክሮሞዞማቸው (በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዘው ክር) እንደ አብዛኛው እንስሳ ጥንድ ጥንድ ሳይሆን ሦስት ሦስት ነው፤ ያለ ወንድ እንቁላል ይጥላሉ፣ የሚፈለፈሉትም እንደገና ሴቶች ናቸው። ስለዚህ አንዲቷ ብቻ ከተክል አፈር ጋር ተጭና ብትሄድ አዲስ አገር ላይ ዘር ለመተካት ትበቃለች። ከእስያ ተነስታ አፍሪካን፣ አሜሪካንና የፓስፊክ ደሴቶችን ያዳረሰችውም በዚሁ መንገድ ነው።

ከዝናብ በኋላ ብቅ ብትል አይደንግጡ፣ ውሃው ጉድጓዷን ሞልቶባት ነው። ዓይኗ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ወይም ከዚህ በጣም የረዘመች ከሆነች ግን ሌላ ዝርያ ልትሆን ስለምትችል በእጅዎ አይንኳት።