አውራጆቹ መኪናውን ከበው ቢያስከፍሉኝስ?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ከፍራንኮ ወደ ቦኩ ሸነን ቤት ቀየርኩ። ወጪ ለመቀነስ አይሱዙ ተከራይቼ፣ ሁለት የሰፈራችንን ልጆች ጭነው እንዲያወርዱልኝ በ1,500 ብር ተስማማሁ። አዲሱ ሰፈር ስንደርስ «የዚህ አካባቢ ጫኝና አውራጅ እኛ ነን» የሚሉ ወጣቶች መኪናውን ከበቡት። ልጆቹን «ብትነኩ ወዮላችሁ» አሏቸው። እየመሸ ነበር፤ ፍራሹ መኪናው ላይ ነው። 4,000 ብር በቴሌብር ላክሁላቸው። ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ መጠየቅ ይችላሉ፤ ቢጠይቁም ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው «ያልፋል» ብሎ ስለሚተወው ነው ነገሩ ልማድ የሆነው።

ዕቃው የእርስዎ ነው። ማን እንደሚያወርደው የሚመርጡትም እርስዎ ነዎት። በማኅበር መደራጀት ሥራ ለመሥራት ያስችላል እንጂ ያልተስማማን ሰው ለማስከፈል መብት አይሰጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1678 ውል እንዲጸና የተዋዋዮቹ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። በአንቀጽ 1706 ደግሞ ተገዶ የተዋዋለ ሰው ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ጊዜው ግን ገደብ አለው፤ ማስገደዱ ከቀረ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ልለይልዎ። 4,000 ብር መጠየቅ ብቻውን ማስገደድ አይደለም፤ ውድ ነው ብለው እንቢ ማለት ይችሉ ነበር። መስመሩ የታለፈው መኪናውን ከበው ልጆቹን ሲያስፈራሩ ነው። ይሄ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ስለዚህ የቴሌብሩን መልእክት እንዳያጠፉት። ቀኑ፣ መጠኑና የተቀባዩ ስም እዚያ ላይ አለ። ሾፌሩና ሁለቱ ልጆች ምስክር ናቸው። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ያመልክቱ፤ ቃልዎ በጽሑፍ መያዙን ያረጋግጡ። ለ4,000 ብር ጠበቃ መቅጠር ግን አልመክርዎትም፣ ወጪው ይበልጣል። ፍርድ ቤት ካስፈለገ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ አቤቱታ ጸሐፊ ይያዙ።

ለወደፊቱ ከጠዋቱ ይጫኑ። ሲመሽ አቅም ይከዳል።

ልጆቹን ግን አይርሷቸው። ፍራንኮ ላይ ቁም ሣጥኑን ተሸክመው የጫኑት እነሱ ናቸው፤ ማውረዱንም የተከለከሉት በጥፋታቸው አይደለም። ስምምነቱ የቃል ቢሆንም ውል ነው፤ ያልከፈሏቸው ከሆነ ዛሬውኑ ይክፈሏቸው።