ጉንፋን ልብን ይነካልን?

የአንባብያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ አባቴ 64 ዓመታቸው ሲሆን፣ ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸና ኪኒን መውሰድ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ወር ብርቱ ትኩሳት፣ ሳልና ቁርጥማት ያዛቸውና «ብርድ ነው» ብለው ዳማ ከሴ እየጠጡ ቤት ተኙ፤ ለቁርጥማቱም ዳይክሎፌናክ ተገዝቶላቸው ይውጡ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሌሊት ደረታቸውን አፍኖ ያዛቸው፤ ላብም አጠመቃቸው። እርሳቸው ግን «ጨጓራዬ ነው» ብለው ወተት ጠጥተው እስኪነጋ ቆዩ። ሐኪም ቤት ስንደርስ የልባቸው የደም ቧንቧ በረጋ ደም መዘጋቱ ተነገረን፤ ኩላሊታቸውም ተጎድቶ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል። ዘመዶቻችን ግን ጉንፋን ልብን አይነካም፣ ሁለቱ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው ይሉናል። እውነት ነውን?
(አንዲት አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን አባትዎ ተረፉልዎ። ሕመምተኛውን ሳያዩ በደብዳቤ ብቻ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ መቁረጥ አይቻልም፤ ነገር ግን የጻፉልን የሕመሙ አካሄድ ለልብ ሐኪሞች እንግዳ አይደለም፤ ጉንፋን ልብን አይነካም የሚለውም አባባል ትክክል አይደለም።

በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ተመራማሪዎች ኢንፍሉዌንዛ (ብርቱው ጉንፋን) እንደያዛቸው በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ሰዎችን የሕክምና መዝገብ መርምረው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አውጥተዋል። በዚህ ጥናት መሠረት በሽታው በተመረመረባቸው 7 ቀናት ውስጥ በልብ የደም ቧንቧ መዘጋት ሆስፒታል የመግባት ዕድል፣ እነዚያው ሰዎች በሌላ ጊዜ ከነበራቸው 6 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ሰውዬው የተነጻጸረው ከራሱ ጋር እንጂ ከሌላ ሰው ጋር ስላልሆነ፣ «ድሮም ሲጋራ ያጨስ ነበር» ወይም «ድሮም ስኳር ነበረበት» የሚለው ማስተባበያ ብዙ አያስኬድም። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ግን ያ ጭማሪ አልታየም። የአባትዎ አምስተኛ ቀን በዚያው አደገኛ ሳምንት ውስጥ ነበረ።

ቫይረሱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከመተንፈሻ አካላት አልፎ ሩቅ አይሄድም። ጉዳቱን የሚያደርሰው ይበልጡን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያስነሣው ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና ዕድሜ ባጠቃቸው ሰዎች የልብ የደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረ ስብ አለ፤ ይህም ስብ በስስ ሽፋን ተሸፍኖ ምንም ሳያሳምም ሊቆይ ይችላል። ብግነቱ ሽፋኑን ያሳሳዋል፤ በተቀደደም ጊዜ ደም እዚያው ላይ ይረጋል፤ በትኩሳት ወራት ደግሞ ደም ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት የቀረበ ነው። በዚህ ላይ የሰውነት ሙቀት 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ልብ በደቂቃ ወደ 10 ጊዜ ያህል ጨምሮ ይመታል፤ ሳንባ በሕመሙ ሲታፈን ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ልብ ሥራው በበዛበት ሰዓት ምግቡ ያንሰዋል ማለት ነው። ደሙ የረጋው ወደ አንጎል በሚሄደው ቧንቧ ውስጥ ከሆነ ስትሮክ ይሆናል።

የኩላሊታቸው ጉዳይ ሌላም ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም፤ ይህንንም ሳልሸሽግ እነግርዎታለሁ፣ ብዙ ቤት የሚደጋገም ስሕተት ነውና። በትኩሳት ያላበው፣ ውኃ በበቂ ያልጠጣ ሰው ኢናላፕሪልና የሚያሸናውን ኪኒን እየወሰደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲጨምርበት፣ ሦስቱ ተባብረው ወደ ኩላሊት የሚደርሰውን የደም ግፊት ያወርዱታል። እነዚህ ማስታገሻዎች የልብ የደም ቧንቧ የመዘጋትንም አደጋ ከፍ ያደርጋሉ። የልብ፣ የግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ለትኩሳትና ለቁርጥማት በመጠኑ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይሻላል። የግፊት መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያማክሩ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ያ እስኪነጋ የጠፋው ሌሊት ነው። በአገራችን የደረት ሕመም ስሙ ጨጓራ ወይም ብርድ ነው፤ ስሙ እንዲህ ከወጣለት በኋላ የሚያጣድፍ አይኖርም። መሐል ደረትን የሚጫን ወይም የሚያፍን፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ትከሻ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያለበት ሕመም በወተት የሚጠበቅ አይደለም፤ የልብ ጡንቻ ደም ተቋርጦበት በቆየ ቁጥር የሚሞተው ክፍል ይሰፋል፤ የሞተውም ተመልሶ አይድንም። በስኳር በሽተኞችና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ደረት ጨርሶ ላያምም ይችላል፤ ምልክቱ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሊሆን ስለሚችል «ጉንፋኑ አድክሟቸው ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ለዘመዶችዎ ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። እኛ ጉንፋን በሚል አንድ ስም የምንጠራቸው ሕመሞች ክብደታቸው አንድ አይደለም። አፍንጫን አንጠባጥቦ በሦስት ቀን የሚለቅም፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ኢንፍሉዌንዛም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃውና የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ነበረ፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን የምናስበውም እርሱን ነው። (ያ ጭስ ራሱ ለልብና ለሳንባ ሕመምተኛ የሚበጅ ስላልሆነ፣ አባትዎን በዕለቱ ከጭሱ ያርቁልን።)

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በሰፈር ቡድን እግር ኳስ እጫወታለሁ። ብርቱ ጉንፋን ይዞኝ ከተሻለኝ 10 ቀን ሆኖኛል፤ ነገር ግን ጥቂት ስሮጥ ልቤ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሽም ያጥረኛል። ልምምዴን ብቀጥል ይለቀኛልን?
(አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እባክዎ አይቀጥሉ። ኮክሳኪና አዴኖቫይረስ የተባሉት ቫይረሶች፣ እንዲሁም ኢንፍሉዌንዛንና ኮቪድን የሚያመጡት ቫይረሶች አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻን ያስቆጣሉ፤ ይህም የደም ቧንቧው ጤናማ በሆነ ወጣት ላይ ሊደርስ ይችላል። ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ነገር ግን የተቆጣ የልብ ጡንቻ በብርቱ ሩጫ ላይ ሳለ ምቱ ተዛብቶ ድንገት ሊቆም ስለሚችል፣ በሽታው የተረጋገጠበት ስፖርተኛ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር እንዲያርፍ ይደረጋል። የእርስዎ ድካም የማገገም ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። ራስዎን ከሳቱ ወይም ደረትዎን ካመመዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። እናቴ ባለፈው ዓመት የልብ ቧንቧቸው ተዘግቶ ታክመዋል። ሐኪማቸው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ይውሰዱ ቢልም፣ እርሳቸው «ክትባቱ ራሱ ያሳምመኛል» ብለው እምቢ አሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሌለበት ኢንፍሉዌንዛ ሊያስይዝ እንደማይችል ይንገሯቸው፤ አንድ ሁለት ቀን ክንድን ማመምና ቀላል ትኩሳት ግን ሊኖር ይችላል፤ ይህንንም አይደብቋቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት፣ በ8 አገሮች የሚገኙ አብዛኞቹ የልብ ቧንቧቸው በቅርቡ የተዘጋባቸው ከ2,500 የሚበልጡ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ክትባት የሌለበት መርፌ ወስደው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የሞቱት ከተከተቡት 2.7፣ ካልተከተቡት 4.5 በመቶ ነበሩ። መከላከያው እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ በእናንተ አገር ኦክቶበር ከማለቁ በፊት ቢወስዱ ይመረጣል፤ አብረዋቸው የሚኖሩ ልጆችና የልጅ ልጆችም አብረው ይከተቡ።