ባሕር ለምትወዱ የድሬ ልጆች

«አቦ ቲቸር፣ ድሬዳዋ ተወልዶ ባሕር ማጥናት ምን ይሠራል?» አለችኝ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። «አንተ» እያለች ነው የምታወራኝ፤ እዚህ አገር አንቱታ ድሮም አልበረከተም። «ይሠራል» አልኳትና ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የድሮ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ነገሩ በ1966 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እማር ነበር፤ ለመስክ ትምህርት ምጽዋ ወረድን። ባሕር ማየት ለእኔ ብርቅ አልነበረም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር የጅቡቲን ወደብ ገና በልጅነቴ አውቀዋለሁ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ መሆን ያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር። ነጻ ቲኬት አለ፤ አባቴም ሲመለስ ቴምርና ሽቶ ይዞ ይመጣል። ከውሃው በታች ምን እንዳለ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ምጽዋ ላይ የዋና መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ተሰጠን። ስለማይበቃን በተራ ነበር የምንጠልቀው፤ ተራችን እስኪደርስ ፀሐዩ ይጠብሰናል። ሼክ ሰዒድ ወደምትባለው ደሴት በጀልባ ወሰዱን። ጓደኞቼ ዓሣ ዓሣውን እያዩ ይጮሃሉ። እኔን ጀልባውን የሚቀዝፈው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ክንዴን ይዞ ወደ ሌላ በኩል ወሰደኝ። እዚያ ማዕበል ከሥር የቦረቦረው የኮራል ድንጋይ አለ (ኮራል አጽሙ ድንጋይ የሚሆን የባሕር እንስሳ ነው)፤ ወደ ውስጥ እንደ ዋሻ ይገባል። አንገቴን አስገብቼ አየሁ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ዓይኔ ሲለምድ ከጣሪያው ላይ ወደ ታች የተንጠለጠሉ፣ እንደተጨበጠ የሕፃን እጅ ያሉ ብርቱካንማ ነገሮች ታዩኝ። አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም።

ሽማግሌው በተሰባበረ አማርኛ «ቀን ይተኛል፣ ማታ ይበላል» አለኝ። «ማታ እዚሁ እደር፤ ፋኖስ እኔ እይዛለሁ።»

ወደ አስመራ የምትወጣው ሊቶሪና የምትባል ትንሽ ባቡር ከሰዓት በኋላ ትነሳለች። ቲኬቱ ተቆርጧል። አስተማሪያችን ደግሞ ደግ ሰው ስለነበር «ከፈለግህ እደርና ነገ ተከተለን» ብሎኝ ነበር። ጓደኞቼ ግን ስለ አስመራ ኬክና ሲኒማ እያወሩ ነበር፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ምን ይመርጣል? ከእነሱ ጋር ሄድኩ። ለሽማግሌው «በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ» አልኩት። እሱም «ኢንሻአላህ» አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት አብዮት ፈንድቶ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ጦርነት መጣ። ከዚያ ድሬ ተመድቤ ማስተማር ጀመርኩ፤ ትዳር፣ ልጆች። ከዚያ ምጽዋ የሌላ አገር ከተማ ሆነች። ሽማግሌውን ዳግም አላየሁትም።

ያ ያየሁት ቱባስትሪያ ከሚባለው የኮራል ወገን እንደነበር ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሪፍ የሚባለውን የባሕር ውስጥ የድንጋይ ክምር የሚገነባው ኮራል አብዛኛው በሥጋው ውስጥ አልጌ የሚባሉ እንደ ተክል ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ያኖራል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ኮራሉም ከዚያ ይቀለባል። ስለዚህ ብርሃን ካጣ ይጎዳል። የዋሻው ኮራል ግን አልጌ የለውም፤ ራሱ አድኖ ነው የሚበላው። ጨለማ ሲሆንና ውሃው ምግብ ይዞ ሲመጣ፣ ፖሊፕ የሚባለው እያንዳንዱ አካሉ ይከፈትና ቀጫጭን እጆቹን ይዘረጋል። እጆቹ ላይ የሚነድፉ ሕዋሳት አሉ፤ በእነሱ ፕላንክተን የሚባሉትን በውሃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ይይዛል። ከጣሪያ ወደ ታች መንጠልጠሉም ይጠቅመዋል። ደለል አይከመርበትም፤ ብርሃን የሚሻው አልጌ ሁሉ እየበቀለ ቦታ አይሻማውም።

ባሕር ሲሞቅ ኮራል ይነጣል ሲባል ሰምታችኋል። የሚነጣው ውስጡ ያለውን አልጌ ስለሚያጣ ነው። የዋሻው ኮራል በዚህ መንገድ የሚያጣው ነገር የለውም፤ ሌላ ችግር ግን አይነካውም ማለት አይደለም። ደግሞ ምስኪን ነው ብላችሁ እንዳታዝኑለት። ይኸው ቱባስትሪያ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብራዚል ዳርቻ ላይ ተዛምቷል። ከነዳጅ ማውጫ መድረኮችና ከመርከቦች ጋር ተጣብቆ ነው የገባ የሚባለው። አሁን የአገሩን ፍጥረት እየገፋ አስቸግሯል።

ከጨለማ ኮራሎች ሌላው ጥቁር ኮራል ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ ጎረቤታችን ከሐጅ ሲመለሱ ከጅዳ ያመጡት ጥቁር ተስቢህ (የጸሎት መቁጠሪያ) ነበራቸው፤ ዩስር ይሉታል። እንጨት ይመስለኝ ነበር። ለካ የኮራል አጽም ነው። በሕይወት ሳለ ከላይ የሚሸፍነው ሥጋ ጥቁር አይደለም፤ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሌላ ቀለም ሊሆን ይችላል። የሚጠቁረው አጽሙ ነው። ሰውዬው በጣም ጨዋ ነበሩ፤ ሌላ ጊዜ ስለሳቸው እጽፋለሁ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። እንግሊዝኛና ሒሳብ አጥኑ አልላችሁም፤ ወላጆቻችሁ ይሉታል። የማልወደው አንድ ነገር ግን አለ። የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ታዩና «አየሁት» ትላላችሁ። አላያችሁትም። የእናንተ ነገር የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። እርግጥ የዋሻው ኮራል ማታ ሲከፈት ያየሁት እኔም የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ነው። ያ ብርቱካንማ ጡጫ ተፈቶ ቢጫ እጆቹን ሲዘረጋ ደጋግሜ አስከፈትኳት። «ሽማግሌው ምን ነካው» ብላ ሳቀችብኝ።

«ውጭ ካልሄድኩ አልማርም» የሚለውንም ተዉት። ከድሬ ወጣ ብላችሁ የኖራ ድንጋዩን እዩ። የጁራሲክ ዘመን ባሕር ወለል ነው፤ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለው። ሲሚንቶ ፋብሪካችን የኖረው በእሱ ነው። ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ይፈላል፤ የዛሬ ኮራል አጽምም ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊው ቄስና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርደንና የቀይ ባሕሩ መርከበኛ አንሪ ደ ሞንፍሬድ ያገኙት የፖርክ ኤፒክ ዋሻም የተቦረቦረው እዚያው ድንጋይ ውስጥ ነው። ስንቶቻችሁ ሄዳችሁ አይታችኋል?

ይህን ብዬ ደግሞ ሂዱ እላለሁ። ጅቡቲ በባቡር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት ደሴቶቿ ኮራል አላቸው። ከዚያ በፊት ዋና ተማሩ፤ የድሬ ልጅ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት ስለሚያድግ ዋና አይችልም። የውሃ ውስጥ ዋሻ ግን ያለ ሥልጠና፣ ያለ ገመድና ያለ ጓደኛ አይገባም። አየር ፍለጋ ሽቅብ ብትሉ የሚገጥማችሁ ጣሪያ ነው። እኔ አንገቴን ብቻ ነው ያስገባሁት።

ድንጋዩን ማየት የሚፈልግ ካለ ጥሩ ማጉያ መነጽር አለኝ፤ አውሳለሁ። ጠዋት ኑ። ከሰዓት በኋላ በድሬ ሙቀት በር አልከፍትም።