ትሎቹ ከሳጥኑ የሚሸሹት ለምንድን ነው?

አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንባቢ፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊን እየበላ ወደ ማዳበሪያ የሚለውጠውን ቀይ ትል ግማሽ ኪሎ ያህል ገዝተው በረንዳቸው ላይ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ማርባት እንደጀመሩ፣ የወጥ ቤታቸውን ትርፍራፊ እንጀራና ወጡን ጨምሮ በየቀኑ እንደሚሰጡ፣ ከሰሞኑ ግን ትሎቹ በሳጥኑ ጎን እየወጡ ክዳኑ ሥር እንደሚከማቹ፣ ሽታ እንደተፈጠረና ክር የመሰሉ ነጫጭ ትሎች እንደታዩ ጽፈውልናል። ትሎቹ ታመው እንደሆነ፣ አዲስ መግዛት እንደሚያስፈልግም ይጠይቃሉ።

አዲስ ትል አይግዙ፤ አሁን ባለው ሳጥን ውስጥ ቢጨምሯቸው እነርሱም ይሸሻሉ። እርስዎ የገለጹት ነገር በሽታ ሳይሆን ከመጠን በላይ የመመገብና የአየር እጦት ምልክት ነው። ቀይ ትል ጥርስ የለውም፤ የሚበላው አስቀድሞ በረቂቅ ተሕዋስያን መበስበስ የጀመረውን ለስላሳ ነገርና ተሕዋስያኑን ራሳቸውን ነው። ስለዚህ ምግቡ ከሚበሰብስበት ፍጥነት በላይ ሲጨመር፣ ትሉ ሳይደርስበት ተጠቅጥቆ ይቦካል፣ አየር ያጣል፣ ይሸታል።

በእርስዎ ሳጥን ዋናው ጥፋተኛ እንጀራና ወጡ ይመስለኛል። እንጀራ ከመጀመሪያውም የቦካ ኮምጣጣ ምግብ ሲሆን፣ እርጥበት ሲያገኝ እንደ ሊጥ ተጣብቆ አየር የማያሳልፍ ንጣፍ ይሠራል፤ ወጡ ደግሞ ጨው፣ ዘይትና በርበሬ ይጨምርበታል። ትል የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው በመሆኑ ጨው ከሰውነቱ ውኃ እየሳበ ይጎዳዋል። ወጥ ያልነካው ድርቆሽ ተፈርፍሮ አልፎ አልፎ በእፍኝ ቢሰጥ ግድ የለውም፤ ወጥ የነካው ግን ወደ ሳጥኑ አይግባ።

ነጫጮቹን በተመለከተ፣ ከእጅዎ መዳፍ ላይ አድርገው በብርሃን ይመልከቷቸው። አዲስ የተፈለፈለ ቀይ ትልም ቀጭንና ፈዛዛ ነው፤ ነገር ግን ገላው ብርሃን ስለሚያሳልፍ በውስጡ ቀላ ያለ መስመር ይታያል። ከዳር እስከ ዳር ወተት የመሰለው ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ ቀይ ትልን አይበላም፣ አይጎዳምም፤ እርጥበትና ኮምጣጣነት ሲበዛ የሚራባ በመሆኑ የሳጥኑን ሁኔታ ይነግርዎታል።

ዛሬውኑ ጓንት አድርገው የተጣበቀውን እንጀራና የሚሸተውን ክፍል ያውጡ። የሚያወጡትን ግን ሳያገላብጡ አይጣሉ፤ ከምስር ፍሬ ያነሱ፣ የሎሚ ቅርጽ ያላቸውና ወደ ቡናማ የሚያደሉ የትል እንቁላል ከረጢቶች ካገኙ ወደ ሳጥኑ ይመልሷቸው፤ ከእያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ ትል ሊወጣ ይችላልና። ከዚያም የሳጥኑን ታች ይመርምሩ። ቀዳዳ ከሌለው በጋለ ሚስማር በርከት አድርገው ይብሱት፤ ከክዳኑ በታችም በጎኖቹ ላይ ጥቂት የአየር ቀዳዳ ያብጁለትና በጡብ ላይ አስቀምጠው ከሥሩ ሳህን ያኑሩ። ቀጥሎ ቀለምና ማጣበቂያ የሌለውን ካርቶን በሁለት ጣት ስፋት እየቀደዱ፣ የሳጥኑን ሲሶ ያህል እስኪሞላ ድረስ በደረቁ ይቀላቅሉበት፤ ታጥቦ የደረቀና በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት አንድ እፍኝ ቢነሰንሱበት ኮምጣጣነቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። አመድ እንዲጨምሩ የሚመክርዎ ሰው አይጠፋም፤ ትንሹም ቢሆን ለትል ኃይለኛ ስለሆነ እኔ አልመክርም።

ለአንድ ሁለት ሌሊት ክዳኑን ገርበብ አድርገው ከላይ መብራት ቢያበሩ፣ ትል ብርሃን ስለሚጠላ ወደ ታች ይወርዳል። ለአንድ ሳምንት ምንም አይመግቡ፤ አይራቡም፣ ካርቶኑን ራሱን ይበላሉ። እርጥበቱን ለመለካት ከውስጡ አንድ ጭብጥ ወስደው ይጭመቁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከጣትዎ መካከል ከፈሰሰ ተጨማሪ ካርቶን ይፈልጋል።

ወደ መመገብ ሲመለሱ ግማሽ ኪሎ ትል በተመቸ ሁኔታ በቀን እስከ 250 ግራም ሊበላ እንደሚችል ይነገራል፤ ይህ ግን ሳጥኑ ከተረጋጋ በኋላ የሚደረስበት ጣሪያ እንጂ መነሻ አይደለም። በሳምንት ሁለቴ ሁለት እፍኝ፣ በደቃቁ የተከተፈ የጎመን፣ የድንችና የካሮት ልጣጭ ይበቃል፤ የቀደመው ምግብ መልኩ ገና የሚለይ ከሆነ ያን ቀን ይዝለሉት። የቡና አተላ ቀዝቅዞ ከካርቶን ጋር ተቀላቅሎ በጥቂቱ ቢሰጥ ይወዱታል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ግን በጣም በትንሹ፤ በተለይ ለበዓል ዶሮ ሲሠራ የሚከመረው የሽንኩርት ልጣጭ በአንድ ጊዜ አይግባ። ሥጋ፣ ቅቤና አጥንት ጭራሽ አይሰጡም። የሚሰጡትን ሁሉ በየተራ በተለያየ ማዕዘን ቀብረው በካርቶን ቢሸፍኑት ትንኞችም ይቀንሳሉ።

ቦታውንም ይመልከቱ። ለቀይ ትል ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተስማሚ ነው፤ የአዲስ አበባ አየር በጥላ ሥር ለዚህ ይመቻል፤ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው የፕላስቲክ ሳጥን ግን በአንድ ቀን ትሎቹን ሊገድል ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ሌሊቶች አመጋገባቸው ስለሚዘገይ መጠኑን ይቀንሱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላም መውጣታቸውን ካልተዉ፣ በሌላ ሳጥን እርጥብ ካርቶንና በደንብ የበሰበሰ የከብት ፍግ አዘጋጅተው ትሎቹን በእጅ ያዛውሯቸው። ፍጉን ሲወስዱ ከብቶቹ በቅርቡ የጥገኛ ትል መድኃኒት መውሰድ አለመውሰዳቸውን ባለቤቱን ይጠይቁ፤ አንዳንዱ መድኃኒት በእበት ውስጥ ስለሚቀር የእርስዎንም ትሎች ሊጎዳ ይችላል።