የቺካጎን አሮጌ ካርታ ለምታነቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በቅየሳ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝና በቺካጎ የምትኖሩ ወጣት መሐንዲሶች ከተማዋን ለማወቅ ከየት እንደምትጀምሩ ስትጠይቁኝ፣ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ያሳተማቸውን የመልክዓ ምድር ካርታዎች እንድትመለከቱ እመክራችኋለሁ፤ በነፃ ይገኛሉ።

ዓይናችሁ አስቀድሞ ወደ መንገዶቹ አይሩጥ፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን ቡናማ የከፍታ መስመሮች ተከተሉ። ቺካጎ እንደ ምጣድ ለጥ ያለች ብትመስልም፣ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ የሚሉ ረጃጅም የአሸዋ ጉብታዎች አሏት። እነዚህ ጉብታዎች በበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ውኃው ከዛሬው የሚሺጋን ሐይቅ እስከ 18 ሜትር ከፍ ብሎ በቆመባቸው ጊዜያት የተከመሩ የሐይቅ ዳርቻዎች ናቸው። በዙሪያቸው ረግረግ ስለነበረ የአገሩ ነባር ሕዝቦች በደረቁ ጀርባቸው ላይ ተጓዙ፤ ኋላ የመጡት ሰፋሪዎችም ያንኑ ዱካ መንገድ አደረጉት። ብዙ ወገኖቻችን በሚያውቁት በኤጅዎተር ሰፈር የሚያልፈው ሪጅ ጎዳና በገበታ መልክ ከተዘረጉት ቀጥተኛ መንገዶች አፈንግጦ በሰያፍ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትወርዱ ደግሞ የከተማዋን ዕጣ የወሰነውን ስፍራ ታገኛላችሁ። ወደ ሐይቁ የሚፈሰውንና ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ የሚወርደውን ውኃ የሚለየው ከፍታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1673 የፈረንሳይ አሳሾች የነበሩት ማርኬትና ጆሊዬት በዚያ በኩል ተሻገሩ፤ በ1848 የመጀመሪያው ካናል ተከፈተ፤ በጥር 1900 ደግሞ የከተማዋ ፍሳሽ የመጠጥ ውኃ የሚቀዳበትን ሐይቅ እንዳይበክል፣ 45 ኪሎ ሜትር በሚረዝም አዲስ ካናል አማካይነት የቺካጎ ወንዝ ወደ ኋላ እንዲፈስ ተደረገ። መሬቱ ይህን ያህል ዝቅተኛ ባይሆን ኖሮ ሥራው የሚታሰብ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

የካርታውን ኅዳግ ግን ሳታነቡ አትለፉ፤ ቅየሳው የተካሄደበት ዓመትና ካርታው የታተመበት ዓመት ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። በኋለኞቹ እትሞች ላይ የሚታየው ሐምራዊ ቀለም ከአየር ፎቶ ብቻ የታከለ ማሻሻያ ነው። በሮዝ ቀለም የተሸፈኑት የከተማ ክፍሎች ደግሞ ትምህርት ቤትንና ቤተ ክርስቲያንን የመሳሰሉትን ብቻ ያሳያሉ፤ የነዋሪው ቤት አይታይም። ለዚያ የሳንቦርን ኩባንያን የእሳት ኢንሹራንስ ካርታዎች ፈልጉ፤ የጡቡን ቤት በሮዝ፣ የእንጨቱን በቢጫ ለይተው አስቀምጠውታል።