የራስ ቆዳ ሲያሳክክ ቅቤም ቱቦም ቀድሞ አይቅደም፦ ለገና አዳማ ለምትገቡ

ከብርድ አገርና ከቤት ማሞቂያ ስትመጡ የራስ ቆዳችሁ ደርቆ ነው የሚነሳው። አዳማ ደግሞ በጥርና በታኅሣሥ ደረቅ ነፋስና የሚጠብስ ፀሐይ አላት። ማሳከኩ ሲብስ ዘመድ ለጋ ቅቤ ይዞ ይመጣል፣ መድኃኒት ቤቱም የቅባት ቱቦ ያወጣል። እባካችሁ፣ አንዱንም ሳትቀቡ በፊት ችግሩን ለዩት።

ፀጉሩ ሳይሰበር ነጭ ወይም ቢጫ፣ ወዛም ቅርፊት ካለ፣ በቅንድብና በጆሮ ጀርባም ከታየ፣ ፎረፎር ነው። የሚያባብሰው ከቆዳ ወዝ የሚመገብ ፈንገስ ስለሆነ ቅቤ ቆዳው ላይ ሲያድር ይብሳል፤ ቅቤውን ለፀጉሩ ዘለላ ብቻ አድርጉት። 2 በመቶ ኪቶኮናዞል ሻምፖ በእርጥብ ራስ ላይ በጣት ጫፍ እንጂ በጥፍር ሳይሆን እሹና 5 ደቂቃ አቆዩት። ብዙ ሰው ወዲያው ያጥበውና «አልሠራልኝም» ይላል። በሳምንት 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፤ ከርዳዳና ደረቅ ፀጉር ላለው በሳምንት 1 ጊዜ ይበቃል።

በልጆች ራስ ላይ ክብ መላጣ ወጥቶ ፀጉሩ ከሥሩ ከተሰበረ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ከቀረ፣ በአንገት ጀርባ ዕጢ ካበጠ ግን ጭርትን ጠርጥሩ። ቅባት የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለማይደርስ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ግሪሲዮፉልቪን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ መጠኑ በልጁ ክብደት ይታዘዛል፣ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥ ወደ ደም በደንብ ይገባል። ፀጉር ማቆጥቆጥ ሲጀምር ያቋረጡት ተመልሶ ይመጣባቸዋል። ማበጠሪያና ኮፍያ ለዩ፣ ወንድምና እህቶቹንም አስመርምሩ። ቦታው አብጦ መግል ከያዘ አትጭመቁት፣ አታስበጡት፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ይየው፣ ጠባሳው ፀጉር ላያበቅል ይችላልና።

በጣም የምንፈራው የቤታሜታዞንና የክሎቤታሶል ቱቦ፣ ማለትም ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት፣ ያለ ትእዛዝ መቀባቱን ነው። መቅላቱና ማሳከኩ በጥቂት ቀን ይጠፋል፣ ጭርቱ ግን ከሥር ይስፋፋል፣ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪሙን ያሳስታል። ክኒን ከመጀመሩ በፊት ቅርፊቱ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ።

ሹሩባ በተሠራችሁ ማግስት በግንባር ዙሪያ ሽፍታ ከወጣና እንቅልፍ ከነሳችሁ ሹሩባው ከመጠን በላይ ተጠብቋል ማለት ነው፤ ፍቱት። ሠሪዋን ቀድማችሁ «እህቴ፣ ግንባሩን አላልተሽ ሥሪው» በሏት። በሹሩባው መስመር የተጋለጠው ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል፣ ነጠላ ጣል አድርጉ። በቆሰለ ራስ ላይ ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) ፈጽሞ አይነካ።

የጭርት ሕክምና ከእረፍታችሁ ይረዝማል። ከመብረራችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የተጀመረበትን ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር አስጽፋችሁ ያዙ።