ከሥዕሉ በፊት ግድግዳውን

ልጆቼ፣

ሰው የግድግዳ ሥዕል ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው። የእኔ ዓይን ግን የሚያርፈው ግድግዳው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ዕድሜዬን በግንባታ ሥራ ያሳለፍኩ መሐንዲስ ስለሆንኩ ልማዱ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አልለቀቀኝም፤ ቡና ተጠርቼ ሰው ቤት ስገባ ሲኒውን ከመቀበሌ በፊት ጥግ ጥጉን እያየሁ ባለቤቴን አሳፍራለሁ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ስለ ሥዕል የተጻፈ ሆኖ ሳለ ስለ ውኃ፣ ስለ ልስንና ስለ ኖራ ቢያበዛ አትፍረዱብኝ። ቡርሽ ለያዛችሁም፣ ለመያዝ ለምታስቡም ይጠቅማል ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከቆስጣ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ የሱቆች ረድፍ ጀርባ ድሮ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ የሚደፋበት፣ አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍ ባዶ ቦታ ነበር። አሁን የሰፈሩ ወጣቶች ተደራጅተው አጥረውታል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቃሪያ ያለማሉ። ትኩስ ቆስጣ እዚያ አለ ተብዬ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሄድኩ። የቆርቆሮውን በር ገፍቼ ስገባ ከመደቦቹ ወዲያ ሦስቱም ግድግዳዎች በሥዕል ተሞልተው አገኘኋቸው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቆስጣው እስኪጠወልግ ድረስ እዚያው ቆየሁ።

በስተግራ ባለው ግድግዳ ላይ ጉልት የተቀመጠች እናት ተሥላለች። ፊቷ ሙሉ በሙሉ ወደ ተመልካቹ የዞረ፣ ዓይኖቿ ትላልቅ፣ ነጠላዋ መስቀለኛ የተጣፋ። ከእሷ ራቅ ብሎ በአጥር ላይ ፌስታል የሚወረውር ሰውዬ አለ። እሱ የተሣለው በጎኑ ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያደጋችሁ ወዲያው ትረዱታላችሁ፤ በአሮጌው አሣሣል ጻድቁና ሰማዕቱ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፣ ሰይጣንና ጻድቃንን የሚያሳድዱት ግን በጎን ተሥለው በአንድ ዓይን ይቀራሉ። አጠገቤ ጎመን የምትኮተኩት ልጅ ሳቄን ሰምታ፣ «ጋሼ፣ ሰውዬውን አወቁት እንዴ?» አለችኝ።

«ዓይኑን ቆጠርኩ፣ ልጄ» አልኳት።

ሥዕሉ ከተሣለ ወዲህ ቆሻሻ መወርወር ቆሞ እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ቀንሷል እንጂ አልቆመም፤ ማታ ማታ ይመጣሉ» አለችኝ። ያልተጋነነ መልስ ስለሰጠችኝ ወደድኳት። «ቆሻሻ መጣል በሕግ ያስቀጣል» የሚል ጽሑፍ በየአጥሩ ሞልቷል፤ አንብቦ የሚያፍር አላየሁም። በዚህ ግድግዳ ላይ ግን አንድ ፊደል ሳይጻፍ ሰውዬው ተሰድቧል፣ የተሰደበበትን ቋንቋ ደግሞ የሰፈሩ አሮጊት ሁሉ ያውቀዋል። የጎጃም የቅኔ ተማሪ በቃል የሚያደርገውን እነዚህ ልጆች በቡርሽ አደረጉት።

ይህ መንገድ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ቢቸና የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተኮትኩተው ያንኑ መስመርና ያንኑ ዓይን ይዘው የተራውን ሰው ኑሮም ሥለዋል፤ ሥራዎቻቸው ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄደው በሙዚየም ታይተዋል። የሩቅ አገር የግድግዳ ሥዕል በስልካችሁ ስትቀዱ ውላችሁ ታድራላችሁ፤ አትቅዱ አልልም። ግን ከሰፈራችሁ በእግር የምትደርሱበትን ሳታዩ ከሆነ ያሳዝነኛል። በነገራችን ላይ፣ ሰው መሐላቸው ቆሞ ፎቶ እንዲነሣ ተብሎ የሚሣሉትን ሁለት ክንፎች እባካችሁ ተዉልን። አንድ ከተማ አንድ ጥንድ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ግድግዳው እግር ልመለስ።

በአትክልቱ ቦታ ትልቁና ሁሉም ሰው ፎቶ የሚያነሣው ሥዕል ውኃ ማጠጫ የያዘች ልጃገረድ ናት። ፊቷ ብቻ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ከአገጯ በላይ ያለው ሥራ እጅግ ያማረ ነው፤ ጥላው ከየት እንደሚመጣ የገባው ሰው ነው የሠራው። ከአገጯ በታች ግን ቀለሙ እንደ ቂጣ አረፋ ተነፋፍቷል፤ በጥፍሬ ነካ ባደርገው ተሰብሮ ወደቀ፣ ከሥሩም እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ታየ። ያ ነጭ ነገር ጨው ነው። የቆስጣው መደብ የተከመረው በቀጥታ ግድግዳውን አስደግፎ ነው፤ መደቡ ጠዋት ጠዋት ውኃ ይጠጣል፤ ብሎኬቱ ከመደቡ ይመጥጣል፤ ውኃው በብሎኬቱና በልስኑ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ወደ ላይ ይወጣል። ውጭ ሲደርስ ይተንና ጨውን ትቶት ይሄዳል። በዚህ ግድግዳ ላይ ግን የተቀባው ዘይት ቀለም ስለሆነ መውጫ አጣ፤ ስለዚህ ቀለሙን ከጀርባው እየገፋ ጣለው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ በመጀመሪያው ወር ምንም አይታይም።

ሠዓሊው ምን ማድረግ ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። መደቡን ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ማራቅ፣ መሐሉን በጠጠር መሙላት፣ ጠጠሩንም ውኃ ወደ ውጭ እንዲወስድ ትንሽ ማዘንበል። አንድ ቀን የማይፈጅ የአካፋ ሥራ ነው። ልስኑ አዲስ ከሆነ ደግሞ መታገሥ፤ ቢያንስ 28 ቀን። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ኃይለኛ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ የሚበላ ኬሚካል አለው፤ የዘይት ቀለም ዘይቱ ከእርጥብ አልካሊ ጋር ሲገናኝ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል። ሳሙና በክረምት ምን እንደሚሆን ለባሕር ዳር ልጅ አልነግረውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከቤት ውጭ ላለ ግድግዳ ዘይት ቀለምን ትታችሁ በውኃ የሚበጠበጠውን የውጭ ፕላስቲክ ቀለም ያዙ፤ እንፋሎት በመጠኑም ቢሆን ያሳልፋል። አሮጌ የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ከሆነ ከሁሉም የሚሻለው ኖራ ነው። ግድግዳ ማለስለሻውን ስቱኮን በተመለከተ፣ ለቤት ውስጥ የተሠራውን ውጭ አትለቅልቁት፤ የመጀመሪያው ሐምሌ ይዞት ይወርዳል።

ቀለሙንም ስትመርጡ ፀሐይዋን ጠይቁ። በእኛ አገር ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ በስተደቡብ ታጋድላለች፤ ደቡብን የሚያይ ግድግዳ በጋውን ሙሉ ይጠበሳል፤ ምዕራብን የሚያየው ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ደማቅ ቀይና ሐምራዊ እዚያ ቶሎ ይገረጣሉ፤ የአፈር ቀለሞች፣ ቢጫውም ቡናማውም፣ የብረት ዝገት ስለሆኑ ፀሐይ ብዙ አትጎዳቸውም። ሰሜንን የሚያይ ግድግዳ ካገኛችሁ ግን ስስ የሆነውን ሥራችሁን ለእሱ አቆዩት።

ዘጌ ሄዳችሁ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ያያችሁ፣ ወይም በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ገብታችሁ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ያያችሁ፣ «እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። ሰው ብዙውን ጊዜ የቀለሙን ምሥጢር ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ጣሪያውን ተመልከቱ እላለሁ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው፤ ሥዕሉ ያለው በመካከል በቆመው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። የዑራ ግድግዳ በጭቃና በጭድ ተለስኖ፣ በላዩ ጨርቅ ተለጥፎ፣ ሥዕሉ በጨርቁ ላይ ተሥሏል። ጭቃና ጨርቅ! ዝናብ ቢነካው አንድ ክረምት አይሻገርም ነበር። ዝናቡ ግን ሰፊውን ክፈፍና የውጨኛውን ክፍል ሳያልፍ አይደርስበትም። ሠዓሊው የተመሰገነበትን ዕድሜ የሰጠው ጣሪያውን የሠራው ሰው ነው፤ ስሙንም የሚያነሣው የለም። በእርግጥ ይህን የምለው የጣሪያ ወገን ስለሆንኩ ነው፤ ሠዓሊዎች ሌላ ይሉ ይሆናል።

እናንተ ሜዳ ላይ ለቆመ ግድግዳ ቅኔ ማኅሌት አትሠሩለትም። ነገር ግን በግድግዳው አናት ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ የቆርቆሮ ክዳን ወደ ፊት ወጣ አድርጋችሁ ብትመቱ ከላይ የሚወርደው ውኃ ፊቱን ሳያጥብ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ዋጋው ከአንድ ባልዲ ጥሩ ቀለም አይበልጥም። ገንዘብ ሲያጥራችሁ ከቀለሙ ቀንሱ እንጂ ከክዳኑ አትቀንሱ።

ሦስተኛው ግድግዳ ከሁሉም የበለጠብኝ ነው፤ መጀመሪያ ሳየው ግን ያላለቀ መስሎኝ ነበር። ከታች እስከ ሰው ቁመት ድረስ አንድ ወጥ የአፈር ቀለም ብቻ ተቀብቷል። ከዚያ በላይ በሰማያዊ ላይ ትናንሽ ወፎች ተበትነዋል፤ እግሮቻቸው እንደሚጨብጥ ሰው ተኮማትረዋል፣ የጨበጡት ነገር ግን የለም። ከፊቱ ሊታጨድ የደረሰ በቆሎ ቆሟል። ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ስል የበቆሎው ጫፍ ልክ ከወፎቹ እግር ሥር ገባ። ወፎቹ በቆሎው ላይ ቆመዋል! የሠራችው ያችው ጎመን ስትኮተኩት ያገኘኋት ልጅ መሆኗን ኋላ ነው የሰማሁት። «ጥር ላይ ቢመጡ ሞኝ ሥዕል ነው፤ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ወፎች ብቻ ናቸው» አለችኝ። በቆሎው በየትኛው ወር የት እንደሚደርስ ለክታ፣ ታችኛውን ክፍል ማንም ስለማያየው ጊዜዋን ሳታባክንበት፣ ጭቃ ቢፈናጠርበትም የማይታወቅ ቀለም ቀብታ ትታዋለች። ፎቶ የሚያነሡት ሁሉ ወደ ልጃገረዷ ይሄዳሉ። እኔ ሥራ ፈልጋ ብትመጣ ኖሮ ይህችን ልጅ በዚያኑ ቀን እቀጥራት ነበር።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ፤ ስለ ወረቀት ነው። ግድግዳው የማን ነው? መሬቱስ? የእነዚህ ልጆች ሦስት ግድግዳዎች ሁሉ የሱቆቹና የጎረቤቶቹ ናቸው፤ አንዱ ባለሱቅ ፎቅ ልቀጥል ካለ ሥዕሉ በአንድ ጠዋት ይፈርሳል። የሰፈር አትክልት ቦታና የግድግዳ ሥዕል በሌላም አገር አብረው የሚገኙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ቤት ሲፈርስ ቦታው ለአትክልት ይቀራል፣ ከጎኑ የነበረው መስኮት አልባ ግድግዳ ደግሞ ለሠዓሊ ይጋለጣል። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሊዝ ክሪስቲ የተባለች ሴት ከጓደኞቿ ጋር ሆና ቆሻሻ የሞላበትን ባዶ ቦታ ወደ አትክልትነት ከለወጠች በኋላ ብዙዎች ተከተሏት። በ1999 ግን የከተማው አስተዳደር ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ለጨረታ ሊያቀርብ ተነሣ፤ የዳኑት በጎ አድራጊዎች ገንዘብ አዋጥተው ስለገዟቸው ነው። ለእናንተ ማን እንደሚገዛላችሁ አላውቅም። ስለዚህ ከባለ ግድግዳው ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ ለስንት ዓመት እንደፈቀደ፣ ማፍረስ ቢያስፈልገው ከስንት ጊዜ በፊት እንደሚያሳውቃችሁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በሁለት ምስክር ፊት ተፈራረሙ። የቦታውንም ፈቃድ ቀበሌ ሄዳችሁ ቅጂውን በእጃችሁ ያዙ። ሰውዬው ዘመዳችሁ ቢሆንም አድርጉት፤ ዘመድ ከሆነማ ይበልጥ አድርጉት።

ጎረቤቱንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፊላዴልፊያ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ በ1984፣ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በየግድግዳው የሚሞነጫጭሩ ወጣቶችን ሰብስባ ወደ ሥዕል ሥራ ስታስገባ፣ ምን ይሣል የሚለውን ከሰፈሩ ሰው ጋር መምከር የሥራው ክፍል እየሆነ መጣ። እኛ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዕድር አለን፣ ሽማግሌ አለን፣ ቡና አለን። ሥዕሉን ዕለት ዕለት በመስኮቷ የምታየው ወይዘሮ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አስተያየት ጠይቁ እንጂ ሥዕሉን በስብሰባ አትሣሉት። የወፎቹ ግድግዳ ለስብሰባ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ታችኛው ክፍል ባዶ አይቀርም ነበር፤ አንዱ ጣና ይሣልበት፣ ሌላው የጭስ ዓባይ ፏፏቴ ይሁን ሲል እዚያው ይመሽ ነበር።

ልጃገረዷን ለማዳን አሁንም አልረፈደም። ልስኑን ከአገጯ በታች አንሡት፤ መደቡን አርቁና ግድግዳው በጋውን በሙሉ ይድረቅ፤ ጨውን በደረቅ ቡርሽ ጥረጉት እንጂ በውኃ አትጠቡት፤ ግንቦት ሳይገባ መልሳችሁ ለስኑት። የተረፈውን ሠዓሊው ያውቃል። ጠጠሩን በምታስገቡበት ቀን ጥሩኝ፤ ቱንቢዬንና ውኃ ልኬን ይዤ እመጣለሁ። ቀለም ግን አታስይዙኝ፣ ባለቤቴ ሳሎኑን የቀባሁ ጊዜ የሆነውን ትነግራችኋለች።